«ዘራችን ነው» ብለን የተውነው ደም ብዛት

(ባሕር ዳር ላይ በተደረገ የጤና ውይይት የቀረበ ንግግር)

የተከበራችሁ አባቶችና እናቶች፣ ወንድሞችና እህቶች፣ እንደምን ዋላችሁ?

እግዚአብሔር ይመስገን። በዚህ ሙቀት ሥራችሁን ትታችሁ ስለመጣችሁ ከልብ አመሰግናለሁ። ከዘጌ በጀልባ የመጣችሁ እንዳላችሁም ነግረውኛል። እንኳን ደህና መጣችሁ።

ይዤ የመጣሁት ሦስት ነገር ነው። አንደኛ፣ ኩላሊትን ከደም ግፊት ጋር ምን አገናኘው? ሁለተኛ፣ ከወላጅ የሚወረስ ትንሽ የጂን ለውጥ የሰውን ግፊት ሲቀንስ እንዴት ታየ? ሦስተኛ፣ ይህ ሁሉ ለባሕር ዳር ሰው ምን ያደርግለታል? ሁለተኛው ላይ ቆየት እላለሁ። ብዙ ሰው ያልሰማው እሱን ነው።

መጀመሪያ ግን እጃችሁን አውጡልኝ። ከቤተሰቡ ደም ብዛት ያለበት ሰው ያለው ማን ነው?

አያችሁ? ያላወጣውን መቁጠር ይቀላል።

አሁን ደግሞ፣ በዚህ ዓመት ግፊቱን የተለካ ማን ነው?

ብዙ እጅ ወረደ። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው ከ30 እስከ 79 ዓመት ካሉ ሰዎች ከ1.2 ቢሊዮን በላይ የሚሆኑት ደም ብዛት አለባቸው። ግማሽ ያህሉ ግን እንዳለባቸው አያውቁም። ለምን አያውቁም? ስለማያምማቸው ነው። ሰው 180 የደረሰ ግፊት ተሸክሞ ገበያ ውሎ፣ ለቅሶ ደርሶ፣ እራቱን በልቶ ይተኛል። ምንም አይሰማውም። አንድ ቀን ጠዋት ግማሽ ጎኑ አልታዘዝ ሲለው ነው የሚነቃው።

ሕክምና ክፍል ተቀምጬ ሁለት ዓይነት ቤተሰብ ያጋጥመኛል። አንደኛው «የኛ ዘር ደም ብዛት አያውቀውም» ይላል። አያታቸው 90 ዓመት ኖረው በእግራቸው ቤተ ክርስቲያን ይሳለሙ ነበር፣ ስለዚህ ማንም አይለካም። ሁለተኛው «ዘራችን ነው፤ አባታችንንም የወሰደው እሱ ነው፤ ምን ይደረጋል?» ይላል። እነሱም አይለኩም። አንዱ ተመክቶ፣ ሌላው ተስፋ ቆርጦ ቤቱ ቁጭ ይላል።

ስለ ዘር የሚሉት ነገር ውሸት ነው ልላችሁ አልመጣሁም። እውነት ሊሆን ይችላል። ዘር አለ፤ በደንብ አለ። እኔ የምለው ሌላ ነው። ዘር ግፊታችንን የሚያዘው የት ቦታ ላይ ሆኖ እንደሆነ ካወቅን፣ እዚያው ቦታ ላይ እኛም እጃችንን ማስገባት እንችላለን። ይህንን ያዙልኝ።

ወደ አንደኛው ነጥብ ልግባ።

ደም ብዛት ሲባል ብዙዎቻችን የምናስበው ልባችንን ነው። ወይ ደግሞ ንዴትን። «አታናዱኝ፣ ግፊቴ ይነሣል» እንላለን። ንዴት ለጊዜው ከፍ ያደርገዋል፤ ልክ ነው። ከዓመት ዓመት የግፊታችንን ልክ የሚወስነው ግን በዋናነት ኩላሊት ነው።

ኩላሊታችን በቀን 180 ሊትር ያህል ፈሳሽ ከደማችን ያጣራል። ባለ 20 ሊትሩን ቢጫ ጀሪካን አስቡት፤ ዘጠኝ ጀሪካን ነው። አብሮት የሚጣራው ጨው ወደ አንድ ኪሎ ተኩል ይጠጋል። በየቀኑ! በሽንት የምናወጣው ግን ሊትር ተኩል፣ ቢበዛ ሁለት ሊትር ነው። የቀረውስ የት ሄደ? ተመልሶ ደም ውስጥ ገባ። ከጨውም ከመቶው 99 ያህሉ ይመለሳል። ኩላሊት ቆሻሻ ያወጣል ብቻ ብለን እናስተምራለን። ትልቁ ድካሙ ግን መመለሱ ላይ ነው።

ጨው የሄደበት ውሃ ይከተለዋል። ጨው ብዙ ከተመለሰ ውሃም ብዙ ይመለሳል፤ በደም ሥር ውስጥ ያለው ፈሳሽ ይጨምራል፤ ግፊቱ ይወጣል።

እናንተ ጣናን ታውቁታላችሁ። ግልገል ዓባይ ይገባበታል፤ ጉማራ፣ ርብ፣ መገጭ ይገቡበታል። የተፈጥሮ መውጫው ዓባይ ነው፣ እዚያ ላይ ደግሞ የጨራ ጨራ ግድብ አለ። እዚህ ባሕር ዳር የግድቡ በር ጠበብ ሲል ውሃው እዚያ ማዶ ጎርጎራ ላይም ከፍ ይላል። ኩላሊት ለደማችን እንዲሁ ነው። መውጫው ላይ የሚደረግ ትንሽ ለውጥ መላ ሰውነት ላይ ይታያል።

ሁለተኛው ነጥብ።

አንድ ወጣት መምህር ነበር። ስሙንም የሚያስተምርበትንም አልናገርም። የመጣው እጁ አስቸግሮት ነው። ጠመኔ ይዞ ሰሌዳ ላይ ሲጽፍ ጣቶቹ ይኮማተሩና አልዘረጋ ይላሉ። ተማሪዎቹ ፊት ቆሞ በግራ እጁ የቀኙን ጣቶች አንድ በአንድ ይፈለቅቃቸዋል። ድካሙም ሌላ ነው። ስጠይቀው ከኪሱ በወረቀት የተጠቀለለ ነገር አወጣ። የአሞሌ ጨው ስባሪ ነው። ለከብት የሚገዛው። ከልጅነቱ ጀምሮ ይልሰዋል። እናቱ «ምነው እንደ ጥጃ?» ይሉት ነበር።

ግፊቱ ዝቅ ያለ ነው፣ 95 በ60። የደም ምርመራው ሲመጣ ፖታሺየሙ በጣም ወርዷል፣ ማግኒዥየሙም ወርዷል። ተቅማጥ የለበት፣ አያስመልሰው፣ የሽንት ኪኒን አይወስድ። ታዲያ የት ሄደ? በሽንቱ ነበር የሚፈሰው። ኩላሊቱ ጨውን በደንብ መመለስ አይችልም፣ ፖታሺየሙም አብሮ ይሄዳል። ሰውነቱ ነው በየቀኑ «ጨው አምጣ» የሚለው።

ይህ ዓይነቱ ሕመም ጊቴልማን ሲንድሮም ይባላል። አሜሪካዊው ሐኪም ሂለል ጊቴልማን እ.ኤ.አ. በ1966 ነው የገለጸው። (ከዚህ በኋላ የምጠራቸው ዓመታት በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው፤ እንዳታምታቱት።) ከእሱ ቀደም ብሎ በ1962 ፍሬደሪክ ባርተር የበለጠ የከፋና በሕፃንነት የሚጀምር ተመሳሳይ ሕመም ገልጾ ነበር፤ ባርተር ሲንድሮም ይባላል። በ1990ዎቹ በዬል ዩኒቨርሲቲ የሪቻርድ ሊፍተን ቡድን ምክንያቱን አገኘ። ኩላሊት ውስጥ ጨው በመመለስ ሥራ ላይ ያሉ ፕሮቲኖች አሉ። እያንዳንዱ ፕሮቲን የሚሠራው በጂን ትእዛዝ ነው። ጂኑ ውስጥ ሚውቴሽን ሲኖር፣ ማለትም ጽሑፉ ላይ ለውጥ ሲፈጠር፣ ፕሮቲኑ ወይ አይሠራም ወይ ይደክማል። ጊቴልማን ላይ የሚበላሸው ኤስኤልሲ12ኤ3 የሚባለው ጂን ነው። ባርተር ላይ ከሚበላሹት መካከል ኤስኤልሲ12ኤ1 እና ኬሲኤንጄ1 አሉ።

በሽታው የሚመጣው ልጁ የተለወጠውን ጂን ከአባትም ከእናትም ሲወርስ ነው። ሁለቱ ሲገናኙ። እሺ፣ አባትየውስ? እናትየውስ? እነሱ አንድ ጤነኛና አንድ የተለወጠ ጂን ነው ያላቸው። አይታመሙም። ጨው አይልሱም። ተሸካሚ እንላቸዋለን። በአውሮፓውያን ዘንድ ጊቴልማን ከ40,000 ሰው በአንድ ሰው ላይ ይገኛል ተብሎ ይገመታል። ትንሽ ነው። ግን አስሉት። በሽተኛው ከ40,000 አንድ ከሆነ፣ ተሸካሚው ከመቶ ሰው አንድ ያህል ይደርሳል። በአንድ ትልቅ እድር ውስጥ ሁለት ሦስት ሰው ማለት ነው።

እነዚህ ሰዎች ጤነኞች ናቸው። ግን ጨው የሚመልሰው ፕሮቲናቸው ግማሽ ኃይሉ የለም። ታዲያ ግፊታቸው ከሌላው ሰው ይለያል ወይ? ሊፍተንና ጓደኞቹ የጠየቁት ይህንን ነው። እንዴት ያለ ጥያቄ ነው!

መልሱን ያገኙት ፍሬሚንግሃም ከምትባል የማሳቹሴትስ ከተማ ነው። እዚያ በ1948 ሐኪሞች 5,209 ነዋሪዎችን መርጠው መከታተል ጀመሩ። ግፊታቸውን፣ ደማቸውን፣ ልባቸውን፣ በየሁለት ዓመቱ። በ1971 ደግሞ ልጆቻቸውን ጨመሩ። የልጆቹ ደም ተቀምጧል፣ የግፊት መዝገባቸውም አለ። ተመራማሪዎቹ ከመካከላቸው የ3,125 ሰዎችን እነዚያን ሦስት ጂኖች መረመሩ። የተለወጠ ሁሉ ጎጂ አይደለም፤ ስለዚህ የፕሮቲኑን ሥራ በእርግጥ የሚያበላሹትን ለይተው ያዙ። ተሸካሚዎቹ 49 ሆኑ። ከ64 ሰው አንድ። ውጤቱ በ2008 ታተመ።

የእነዚህ ሰዎች ላይኛው ግፊት ከሌላው በአማካይ 6.3 ዝቅ ይላል። ታችኛው 3.4 ዝቅ ይላል። 60 ዓመት እስኪሞላቸው ደም ብዛት የመያዝ ዕድላቸው ደግሞ ከግማሽ በላይ ቀንሶ ተገኘ።

ይህቺ ስድስት ነጥብ ምን ታደርጋለች የሚል ይኖራል። በ2021 የብዙ መድኃኒት ጥናቶች በአንድ ላይ ተደምረው ሲታዩ፣ ላይኛው ግፊት በ5 ብቻ ሲወርድ እንደ ስትሮክና የልብ ድካም ያሉ ከባድ አደጋዎች በ10 በመቶ ገደማ ይቀንሳሉ። አምስት ነጥብ! ያውም መድኃኒት ተጀምሮ በጥቂት ዓመታት ውስጥ። ተሸካሚዎቹ ደግሞ ስድስቷን ከልጅነታቸው ጀምረው ነው የያዟት።

ስለዚህ ያ «የኛ ዘር ደም ብዛት አያውቀውም» ያለው ቤተሰብ ልክ ሊሆን ይችላል ያልኩት ለዚህ ነው። እንዲህ ያለ ዘር አለ። ግን ልብ በሉ፤ አባት ተሸካሚ ቢሆን እያንዳንዱ ልጅ የመውረስ ዕድሉ እኩል በእኩል ነው። ወንድምህ ወርሶት አንተ ሳትወርሰው ልትቀር ትችላለህ። በአያትህ ግፊት አንተ አትድንም። መለካት አለብህ።

አሁን አንድ ነገር ልጨምር፤ እዚህ ያላችሁ ብዙዎቻችሁ ቤታችሁ ውስጥ ያለ ነገር ነው። ሃይድሮክሎሮታያዛይድ የምትወስዱ አላችሁ? ያቺ ሽንት የምታበዛዋ ኪኒን? ይዛ ሥራ የምታስፈታው ያንኑ ፕሮቲን ነው፤ ጊቴልማን ያለበት ሰው ላይ የተበላሸውን። ላሲክስ የሚባለው ሌላው የሽንት ኪኒን ደግሞ የሚይዘው በባርተር ከሚበላሹት አንዱን ነው። በሌላ አነጋገር ተሸካሚው ከወላጁ የወረሰውን፣ እናንተ በሐኪም ማዘዣ ከፋርማሲ ትገዛላችሁ። ስለዚህ እባካችሁ፣ «ሽንት ያመላልሰኛል» ብላችሁ አታቋርጡት። ካስቸገራችሁ ጠዋት ውሰዱት፤ ሐኪማችሁን አነጋግሩ። ፖታሺየም ሊያወርድ ስለሚችልም የደም ምርመራችሁን አትዝለሉ።

ተቃራኒውም አለ። ግራንት ሊድል የሚባል ሐኪም በ1963 ገና በወጣትነታቸው ግፊታቸው የናረ ወንድማማቾችና እህትማማቾች ያሉበትን ቤተሰብ ገለጸ። ምክንያቱ በኋላ በ1994 ሲገኝ፣ እነሱ ላይ ጨው ከሚመልሱት ፕሮቲኖች ሌላው ከልክ በላይ የሚሠራ ሆኖ ተገኘ። የሚገርመው ቀጥሎ ያለው ነው። ከመጀመሪያዎቹ ታካሚዎች አንዷ ኩላሊቷ ደከመና የሌላ ሰው ኩላሊት ተተከለላት። ግፊቷ ወረደ፤ ፖታሺየሟም ተስተካከለ። ልቧ ያው ነው፣ ደም ሥሯ ያው ነው፣ የቀየረችው ኩላሊቷን ብቻ ነው። ግፊት ኩላሊትን እንደሚከተል ከዚህ የበለጠ ምን ምስክር ይምጣ?

ሦስተኛው ነጥብ ላይ ደረስኩ። እኛስ?

መጀመሪያ አንድ ጥንቃቄ። የፍሬሚንግሃም ሰዎች አብዛኞቹ ዘራቸው ከአውሮፓ ነው። «ከ64 አንድ» የሚለውን ቁጥር ይዘን ባሕር ዳር ላይ መለጠፍ የለብንም። ለምን እንደምል በምሳሌ ላሳያችሁ። በ2010 አፖኤል1 በሚባል ጂን ላይ ያሉ ለውጦች ለኩላሊት በሽታ እንደሚያጋልጡ ታወቀ። ዘራቸው ከምዕራብ አፍሪካ በሆነ ሰዎች ዘንድ በብዛት ይገኛሉ፤ ከእንቅልፍ በሽታ ተውሳክ ስለሚከላከሉ ነው የበዙት። የኢትዮጵያ ተወላጆች ሲመረመሩ ግን እነዚያ ለውጦች አልተገኙባቸውም። ስለዚህ የውጭ መጽሐፍ «ጥቁር ሕመምተኛ እንዲህ ነው» ሲል የኛን ሰው እየተናገረ ላይሆን ይችላል። የኛን ዘር የሚነግረን የኛው ደም ነው።

ይህንን ስል ልመናም አለኝ። የፍሬሚንግሃም ሰዎች ሊቃውንት አልነበሩም። ባለሱቅ፣ የፋብሪካ ሠራተኛ፣ የቤት እመቤት ናቸው። ክንዳቸውን ዘርግተው ስለሰጡ ነው ዛሬ ዓለም ሁሉ የሚጠቀመው። ከዩኒቨርሲቲያችን ተመራማሪ መጥቶ ደም ቢጠይቃችሁ፣ ለምን እንደሆነ ጠይቁ፣ በደንብ ያስረዳችሁ፣ መብታችሁ ነው። ከገባችሁ ግን እባካችሁ እሺ በሉ። ልጆቻችሁ ይጠቀሙበታል።

ሁለተኛ፣ ጨው። ጂኑን መምረጥ አንችልም። ኩላሊታችን ላይ የምንጭነውን ጨው ግን መምረጥ እንችላለን። የዓለም ጤና ድርጅት ለአንድ ሰው በቀን ከ5 ግራም በታች ይላል። አንድ የሻይ ማንኪያ፣ ከዚያ በታች።

እስቲ ወደ ወጥ ቤታችን እንግባ። እናቴ በርበሬ ስታዘጋጅ ጨው ትጨምርበታለች። ሽሮ ስታስፈጭም ጨው አለበት። ከዚያ ወጡ ሲሠራ ምን ታደርጋለች? በመዳፏ ዘግና ትበትንበታለች፣ ከዚያ ትቀምስና እንደገና ትጨምራለች። አንዱ ሽሮ ወጥ ላይ ጨው የገባው ከአንድም ሦስት ጊዜ ነው። ቋንጣ ላይ ጨው አለ፣ ዳቦ ላይ አለ፣ ቡናም በጨው የሚጠጣ አለ። አንድ ቀን እሷ ጋ ተቀምጬ፣ «እማዬ፣ በርበሬው ላይ ስላለ ወጡ ላይ ተዪው» አልኳት። «አልጫ ልታደርገው ነው?» አለችኝ። አላስገደድኳትም። ግማሽ እፍኝ ቀነሰች። ሳምንት ሁለት ሳምንት ቤተሰቡ አጉረመረመ፣ ከዚያ ምላሳቸው ለመደው። አሁን ሰርግ ቤት በልተው ሲመጡ «ጨው በዛበት» የሚሉት እነሱ ናቸው። እናቶች፣ የዚህ ከተማ ግፊት ያለው በእናንተ መዳፍ ነው። እውነቴን ነው። አዮዲን ያለውን ጨው ግዙ፣ ለእንቅርት ያስፈልጋል፤ መጠኑን ግን ቀንሱት።

ጨው መቀነስ ምን ያህል ይጠቅማል? ቻይና ውስጥ 600 መንደሮች፣ 20,995 ሰዎች የተሳተፉበት ጥናት በ2021 ታትሟል። ለግማሾቹ መንደሮች ከጨዋቸው ሩብ ያህሉ በፖታሺየም ጨው የተተካ ተሰጣቸው። ስትሮክ በ14 በመቶ ቀነሰ። እኒያ ገበሬዎች ጂናቸውን አልቀየሩም። (ኩላሊቱ የደከመ ሰው ግን ይህንን ፖታሺየም ያለበትን ጨው ሐኪም ሳይጠይቅ አይንካው። ልብ ያቆማል።)

ሦስተኛ፣ በዘር የሚመጡ ሌሎች የኩላሊት ሕመሞች አሉ። ብዙ ጊዜ የሚታየው ኩላሊት ላይ ውሃ የቋጠሩ እብጠቶች የሚያበዛው ነው። ከሁለቱ ወላጆች አንዱ ካለበት እያንዳንዱ ልጅ የመውረስ ዕድሉ 50 በመቶ ነው። ቶሎ የሚታየው ምልክቱ ደም ብዛት ነው፤ በሠላሳዎቹ ዕድሜ ሊጀምር ይችላል። በቤታችሁ ለኩላሊት እጥበት የደረሰ ወላጅ ወይም ወንድም ካለ፣ ወጣቶቹ ግፊታቸውን ይለኩ፣ አልትራሳውንድ ይነሡ። አገራችን ውስጥ የኩላሊት ንቅለ ተከላ በ2015 አዲስ አበባ ጳውሎስ ሆስፒታል ተጀምሯል፤ ትልቅ ነገር ነው። ግን ከጎንደርም ከጎጃምም ተነሥቶ፣ ለጋሽ ዘመድ ይዞ እዚያ መድረስ ምን ያህል እንደሚከብድ የደረሰበት ያውቀዋል። እባካችሁ እዚያ ሳንደርስ።

ስለ ማስታገሻ አንድ ቃል ብቻ። ወገቤን አመመኝ እያላችሁ ዳይክሎፌናክ በየቀኑ የምትውጡ አላችሁ። ግፊትም ይጨምራል፣ ኩላሊትም ይጎዳል። ተዉት።

አሁን ልጨርስ። ከአዳራሹ በስተቀኝ በረንዳው ላይ ነርሶች መለኪያ ይዘው ተቀምጠዋል። ስትለኩ እንዲህ አድርጉ። አስቀድማችሁ ሽንት ቤት ግቡ። አምስት ደቂቃ ዝም ብላችሁ ተቀመጡ። ጀርባችሁን ደገፍ አድርጉ፣ እግራችሁን አታጣምሩ፣ መሬት ይርገጥ። ክንዳችሁ ጠረጴዛ ላይ በልባችሁ ትክክል ይሁን። የሹራብ እጅጌ ላይ አያስሩላችሁ፤ አውልቁት። እየተለካችሁ አታውሩ። ሁለት ጊዜ ይለኩላችሁ፣ ቁጥሩንም ጽፋችሁ ያዙ። 140 በ90 እና ከዚያ በላይ ከሆነ አትደንግጡ፣ ግን ሌላ ቀን ደግማችሁ ተለኩ፣ ካርዳችሁን ይዛችሁ ወደ ጤና ጣቢያ ሂዱ። ቤት ስትገቡም «የኔ ይህን ያህል ነው፣ ያንተስ?» ብላችሁ ወንድማችሁን ጠይቁት።

እዚያ ጥግ ላይ ቡና እንደተፈላ ሸትቶኛል። የጠጣችሁ ግማሽ ሰዓት ቆይታችሁ ተለኩ። ያልጠጣችሁ መጀመሪያ ተለኩ፣ ከዚያ ጠጡ። ጥያቄ ያለው እኔም እዚያው በረንዳ ላይ ነኝ።

ስላዳመጣችሁኝ አመሰግናለሁ።